ከሌሊት ልብስ ቅድ እጀ ጠባብ፦ ለአድዋ ትርዒት የ11 ልጆች ልብስ ሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 8

በደብረ ማርቆስ የሰፈራችን ልጆች የካቲት 23 ቀን የአድዋን ድል ሲያከብሩ አንድ አጭር ትርዒት ያሳያሉ። ታሪኩ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ከአፄ ምኒልክ ጋር ለመዝመት ሲነሡ ያለውን ነው። ልጆቹ 11 ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ9 እስከ 13 ዓመት ነው። አንድ ንጉሥ፣ ሁለት መኳንንት፣ አራት ወታደሮች፣ አንድ ነጋሪት መቺ፣ አንድ አዝማሪና ስንቅ የሚሸከሙ ሁለት ሴቶች አሉ። ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ። ወላጆች በየልጁ 500 ብር ለማዋጣት ስለተስማሙ በእጄ ያለው ገንዘብ 5,500 ብር ነው።

መሣሪያዬ ከእናቴ የወረስኩት የሲንጀር የእግር መኪና ነው፤ ቀጥታ ስፌት ብቻ ይሰፋል፣ ዚግዛግም ሆነ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘሚያ) የለውም። ከእርሱ ሌላ ሁለት መቀስ (አንዱ ለጨርቅ ብቻ፣ ሌላው ለወረቀት)፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያ፣ በልብስ ጠመኔ ፈንታ ምልክት የማደርግበት የደረቀ የሳሙና ቁራጭ፣ እንዲሁም ፓተርን (ጨርቅ የሚቀደድበትን የወረቀት ንድፍ) የምገለብጥበት የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አለኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀቱ ድርብ ስለሆነ የውጩን ትቼ የውስጡን አራግፌ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እወስደዋለሁ። ጠንካራ ነው፤ ስፒል ቢበዛበትም አይቀደድም።

እስካሁን የሰበሰብኳቸው ፓተርኖች እነዚህ ናቸው። ከአንድ ዘመድ ቤት ያገኘሁት ቡርዳ የሚባል የቆየ የልብስ ስፌት መጽሔት አለ፤ በውስጡ የወንድ ልጅ ረጅም የሌሊት ልብስ፣ የፒጃማ ሱሪና የሴት ልጅ የሌሊት ቀሚስ ይገኛሉ። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ የላከችው ፖስታም አለ፤ በውስጡ የፈረንጅ ንጉሥ ካባና በአንገቱ ዙሪያ ሹል ሹል ምላስ ያለው የቀልደኛ አልባሳት ፓተርን ነው። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የቆመ ኮሌታ ሸሚዝም አለ፤ እርሱ ገና አልታተመም።

ታኅሣሥ 14

አንድ ሳምንት ሙሉ ፓተርን በስሙ ስፈልግ ባከንኩ። «የንጉሥ ልብስ» ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ ነጭ ጸጉር የተጠለፈበት የአውሮፓ ካባ ሆነ፤ «የወታደር ልብስ» ስል ደግሞ አራት ኪስ ያለው የካኪ ኮት ሆነ። ለወታደሮቹ የፈረስ ግልቢያ ሱሪ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጭኑ ላይ ሰፍቶ ከጉልበት በታች የሚጠብ ስለሆነ ተፈሪ የምንለውን ሱሪ ቁርጥ ነው። ይሁን እንጂ ተፈሪ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ከራስ ተፈሪ ዘመን ጋር የሚያያዝ ልብስ በመሆኑ ለ1888 ዘመቻ አይሆንም። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ዘማች ነጭ የጥጥ ልብሱን ለብሶ፣ ኩታውን ወይም ጋቢውን ደርቦ የዘመተ እንጂ በአንድ ዓይነት የደንብ ልብስ የተሰለፈ አልነበረም። ካኪውን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ትናንት አሠራሬን ለወጥኩ። በመጽሔቱ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ በወረቀት ሸፍኜ ከሥሩ ያለውን ትንሽ የመስመር ሥዕል ብቻ ማየት ጀመርኩ። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ጨርቁን፣ ቀለሙንና የለበሰውን ልጅ ነው፤ የልብሱን አካል የሚያሳየው የመስመር ሥዕሉ ነው። ትከሻው ከየት ይጀምራል? ስፋቱ የሚመጣው ከየት ነው፣ ከጎን ነው ወይስ ከመሸብሸብ? የሚከፈተውስ በየት በኩል ነው? እጀ ጠባብን በዚህ ዓይን ስመለከተው ቀጥ ያለ ሰውነት፣ ከትከሻ ወረድ ብሎ የሚጀምር እስከ እጅ አንጓ የሚጠብ እጅጌ፣ ቆሞ የሚታይ አጭር ኮሌታና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቁመት ያለው ልብስ ነው። ከያዝኳቸው ፓተርኖች ሁሉ ለዚህ የሚቀርበው የወንድ ልጁ የሌሊት ልብስ ሆነ። ኮሌታ የለውም፣ እጅጌውም ሰፊ ነው፤ ሰውነቱና የትከሻው አወራረድ ግን ልክ ነው። እጅጌ ማጥበብ ቀላል ሲሆን የተሰፋን ትከሻ ማስተካከል ግን አድካሚ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ በትከሻው መምረጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የተመረጡት እነዚህ ናቸው፤ ለእጀ ጠባብ የሌሊት ልብሱ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር፣ ለሱሪ ፒጃማው፣ ለሴቶቹ የሌሊት ቀሚሱ፣ ለካባ የፈረንጁ ንጉሥ ካባ ክብ መስመር። ለለምድ (በትከሻ ላይ ለሚደረብ ባለ ምላስ ልብስ) የሚሆን እስካሁን አላገኘሁም።

በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምትማረው የእህቴ ልጅ ስልክ ደውላ፣ «አክስቴ፣ ከመቅደድሽ በፊት የልብሱን ልኬት ከልጁ ልኬት ቀንሺና ልዩነቱን ጻፊው» አለችኝ። ይህ ልዩነት ልብሱ ለመንቀሳቀሻ የሚተወው ልቅነት ነው። የሌሊት ልብሱን ስለካ ደረቱ ከልጁ ደረት በ24 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ለእንቅልፍ የታሰበ ስለሆነ ነው። እኔ የምፈልገው 14 ያህል ነው። አንድ መጠን ዝቅ ብል ግን ትከሻውም አብሮ ስለሚጠብ መጠኑን ሳልነካ ከጎኑ ብቻ 10 ሴንቲ ሜትር ልቀንስ ወሰንኩ።

ታኅሣሥ 20

የሸሚዙን ፓተርን በአንድ ማተሚያ ቤት አሳተምኩ፤ 24 ገጽ፣ በገጽ 5 ብር፣ 120 ብር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ገጾቹን በሙጫ ከገጣጠምኩ በኋላ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የመፈተሻ ካሬ ለካሁት። 10 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው 9.4 ነው። ማተሚያው ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ለማጣጣም በራሱ አሳንሶታል። 6 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ 80 ሴንቲ ሜትር ደረት ላይ ግን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጉድለት ያመጣል።

በማግስቱ ተመልሼ በትክክለኛ መጠኑ፣ ማለትም በ100 በመቶ እንዲታተም ጠየቅኩ። አሁን ግን መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትሜ ካሬውን እዚያው ቆሜ በሜትር ለካሁና ቀሪው እንዲቀጥል አደረግሁ። ሌላ 120 ብር።

ታኅሣሥ 26

የመጽሔቱን ፓተርን መገልበጥ ሁለት ምሽት ፈጀ። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የብዙ ልብሶች መስመር ተደራርቦ ስለሚታተም የሚፈለገውን በቀለሙና በነጥቡ ዓይነት ተከትሎ መለየት ያስፈልጋል። ወረቀቱን ከመስኮት መስታወት ላይ ለጥፌ በቀን ብርሃን ስገለብጥ፣ መስመሮች በሚቋረጡበት ቦታ ሳላውቅ ከ140 መስመር ወደ 146 ተሻግሬ ኖሯል፤ የፊቱና የኋላው ጎን ሲገጠሙ 3 ሴንቲ ሜትር ተበላለጡ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የምፈልገውን መስመር በጣቴ ዳር እስከ ዳር ሄጄበት፣ በቀይ እስክሪብቶ ካደመቅሁት በኋላ ብቻ መገልበጥ ጀመርኩ።

140 ማለት ቁመቱ 140 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ማለት ነው፤ ዕድሜን አይመለከትም። ከ11ዱ ልጆች ሁለቱ 12 ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ አንደኛው 138፣ ሌላው 153 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁሉንም በሜትር ለካሁ፤ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅ ርዝመት፣ የአንገት ዙሪያ፣ እንዲሁም ተረከዝን አካቶ የእግር ዙሪያ።

ጥር 5

ገና አለፈ፤ ሥራው ቀጠለ። 30 ሜትር አቡጀዲ በሜትር 110 ብር ገዛሁ፤ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት በአቡጀዲ ሞክሬ በኋላ በተሻለ ጨርቅ ለመስፋት ነበር። ነገር ግን አቡጀዲ በዚያው ዘመንም ከውጭ ወደ አገራችን ይገባ የነበረ ጨርቅ ነው፤ ለዘማች ልብስ ከዚህ የሚቀርብ ስለማላገኝ ሙከራውም ሥራውም በእርሱ ይሆናል።

የመጀመሪያው እጀ ጠባብ ተበላሸ። ለንጉሡ የሚሆነውን ቀድጄ፣ ሰፍቼ ለልጁ ሳለብሰው ደረቱ ላይ ተወጥሮ ቀረ፤ አንገቱ ግን ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ነበር። ፓተርኑን መልሼ ስለካ ስህተት የለበትም። ግማሽ ቀን ከፈጀ ፍለጋ በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ በመጽሔቱ ፓተርን ላይ የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚተው ጠርዝ) የለበትም፣ ሰፊው ራሱ እንዲጨምር መመሪያው ላይ ተጽፏል። ከኢንተርኔት ባወረድኩት ሸሚዝና ከውጭ በመጣው ፖስታ ላይ ግን 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አስቀድሞ ተካቷል። እኔ ሁለቱን ዓይነት አጋጥሜ ስሠራ የሌሊት ልብሱንም ትርፍ እንዳለው ቆጠርኩት። ሁለት ጎን፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጠርዝ፣ በየጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 6 ሴንቲ ሜትር ከደረቱ ጠፋ። ካቀድኩት 14 ልቅነት የቀረው 8 ብቻ ነው፤ አቡጀዲ ደግሞ ስለማይለጠጥ ልጁ ክንዱን ወደ ፊት ሲዘረጋ ጀርባው ተያዘ። አንገቱ ላይ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ስለሄደ ቀዳዳው ሰፋ።

ጨርቁን ልጥለው አልፈቀድኩም። ጎኖቹን ፈትቼ ከብብት እስከ ታች 7 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ በሁለቱም በኩል አስገባሁ። የስፌቱ ትርፍ ሲቀነስ እያንዳንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር ደረቱ ካጣው 6 ይልቅ 8 አገኘ። ልጁ ለብሶት ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሣ ከተስተካከለው ፓተርን ይልቅ ይህ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት፤ ቀጥ ያለው ቁራጭ ለብብቱ ቦታ ሰጠው፣ ልብሱም ከጎን ሲታይ የድሮውን ሰፊ አወራረድ ያዘ። በዚያ ዘመን ልብስ ቀዳጁ የሚለካው በክንድና በስንዝር ነበር። አሜሪካዊው ኤቤኔዘር በተሪክ በየመጠኑ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን መሸጥ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ስለሆነ፣ በአድዋ ዘመን በእነርሱ ዘንድ የተለመደ ነገር ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን ልብሱ በሽመና የወጣውን ቀጥ ያለ ወርድ ሳያባክን፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተጨመረ የሚሰፋ ነበር። ስለዚህ የጎኑን ቁራጭ በሁሉም እጀ ጠባብ ላይ ላስገባ ወስኛለሁ። የስፌቱን ትርፍም በየፓተርኑ ላይ በቀይ «አለው» ወይም «የለውም» ብዬ ጻፍኩ።

ኮሌታው ሌላ ጣጣ ነበረበት። የሸሚዙ ኮሌታ 35 ሴንቲ ሜትር፣ የሌሊት ልብሱ የአንገት ቀዳዳ 41 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮሌታውን ከማርዘም ይልቅ የሸሚዙን የአንገት መስመር በሌሊት ልብሱ ላይ አስቀምጬ፣ የመሀል ፊትና የመሀል ኋላ መስመሮችን አገጣጥሜ ቀዳዳውን በእርሱ ተካሁት። ለቀሪዎቹ ስምንት እጀ ጠባቦች ይህ ሠራ። ለመጀመሪያው ግን የተቀደደ ቀዳዳ ስለማይጠብ ረዘም ያለ ኮሌታ ሰፋሁለት።

ሌላ ጉድለት፦ ጨርቁን ሳላጥብ ቀድጃለሁ። የተሰፋውን አጥቤ ሳሰጣው 92 ሴንቲ ሜትር የነበረው ቁመት 88 ሆነ። የቀረውን አቡጀዲ ሙሉ በሙሉ በሙቅ ውሃ ነክሬ አሰጣሁት።

ጥር 13

በጥምቀት ሰሞን መኪናው ሳይነካ ከረመ። ታቦታቱ ሲሸኙ ከልብሱ አቀማመጥ በቀር ሌላ ነገር ለማየት ዓይኔ እምቢ አለኝ። ጋቢ የደረበ አዛውንት ሲራመድ ጋቢው ከግራ ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ቀኝ እጁ ነጻ እንዲሆን በየት በኩል እንደሚያልፍ አየሁ። ለልጆቹ ጋቢ አልሰፋም፤ እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣል። የልጁ ቁመት አጭር ስለሆነ መሬት እንዳይጠርግ አጥፎ ማልበስን ለወላጆች ማሳየት ያስፈልጋል።

ጥር 20

ሱሪዎቹ። ፒጃማውን የመረጥኩት የመቀመጫው ጥልቀት በቂ ስለሆነና በወገቡ ላይ በማሰሪያ ብቻ ስለሚታሰር ነው። ከጉልበት በታች ለማጥበብ ከውጭም ከውስጥም እኩል እየቀነስኩ እስከ ቁርጭምጭሚት 24 ሴንቲ ሜትር አደረስኩት። ልጁ ሊለብስ ሲሞክር ተረከዙ አልገባም፤ ተረከዙን ይዞ የለካሁት የእግሩ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ልኬቱ በደብተሬ ላይ ተጽፎ እያለ አላየሁትም። በውስጥ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ትቼ፣ ጠርዙን ቀምቅሜ ሁለት ማሰሪያ አደረግሁለት።

ሁለተኛው ሱሪ ልምምድ ላይ ተቀደደ። ወታደሮቹ በአንድ ጉልበት ተንበርክከው የሚያነጣጥሩበት ቦታ አለ፤ አንዱ ልጅ ሲንበረከክ መገጣጠሚያው በአንድ ጊዜ ተተረተረ። ሳጠብ ሳላስበው ከጭኑ ውስጥ ጎንም ቀንሼ ነበር። አራቱ ስፌቶች በሚገናኙበት ቦታ፣ በየጎኑ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዳይመንድ ቅርጽ ያለው ቁራጭ አስገባሁ፤ ለሌሎቹ ሱሪዎች ደግሞ ከጉልበት በላይ ፓተርኑን እንዳለ ተውኩት። ስፌቱን ሁሉ መጀመሪያ በጨርቁ ገጽ በኩል፣ ከዚያ ገልብጬ በውስጥ በኩል እየደገምኩ ጠርዙ ተደብቆ እንዲቀር ሰፋሁት፤ ኦቨርሎክ ለሌለው ሰው ከመዘምዘም ይፈጥናል፣ ይጠነክራልም።

ጥር 28

ካባ። ይህን ሳምንት በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

የፈረንጁ ንጉሥ ካባ ሙሉ ክብ ነው። የልጁ አንገት ዙሪያ 34 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለሙሉ ክብ 34ን ለ6.28 ማካፈል 5.4 ሴንቲ ሜትር የአንገት ራዲየስ ይሰጣል፤ 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሲጨመርበት ከዳር እስከ ዳር 151 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለካባው ያሰብኩት ከፋይ (ጸጉራም ጨርቅ) ወርዱ 150 ነው። ቁመቱን ቢያሳጥሩት ይገባል፤ ግን ለአንድ ካባ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ይሄዳል፣ ሙሉ ክብም በልጅ ትከሻ ላይ ከመጠን በላይ ይሸበሸባል። ባለፈው ዓመት ዘጌ ሄጄ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያየኋቸውን የግድግዳ ሥዕሎች አስታወስኩ፤ በፈረስ ላይ ባሉት ቅዱሳን ትከሻ ላይ ካባው ለጥ ብሎ ተቀምጦ ከታች ነው የሚሰፋው። ይህ የግማሽ ክብ አወራረድ ነው። ለግማሽ ክብ 34 ለ3.14 ሲካፈል 10.8 ይሆናል፤ ቁመቱን 64 ባደርገው ራዲየሱ 74.8 ስለሚሆን ቀጥ ያለው ጠርዝ 149.6 ሴንቲ ሜትር ነው። በጨርቁ ወርድ ልክ ገባ! በ1.5 ሜትር ከፋይ ሁለት ካባ ይወጣል፤ አንዱ ለንጉሡ፣ አንዱ ከመኳንንቱ ለአንዱ። ጠርዙ በጥብጣብ ስለሚታሰር የስፌት ትርፍ አያስፈልገውም። ከፋዩን በሜትር 480 ብር፣ በድምሩ 720 ብር ገዛሁ።

ሁለቱን ግማሽ ክቦች ቀጥታ ጠርዛቸውን ፊት ለፊት አድርጌ፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች አዙሬ ቀደድኩ፤ አንድ መቁረጫ መስመር ለሁለቱም እንዲያገለግል ብዬ ነው። ሰቅዬ ከሩቅ ሳያቸው አንዱ የደም ቀይ፣ ሌላው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጨርቁ ቀለሙን ለቆ ይሆናል ብዬ በገበያው ዳር ብዙ ዘመን ወደ ሰፉ አንድ አባት ይዤው ሄድኩ።

ጨርቁን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉትና፣ «ልጄ፣ እጅሽን ከላይ ወደ ታች አውርጂው» አሉኝ። አወረድኩት፤ ለስላሳ ነው።

«አሁን መልሺው።»

መለስኩት፤ ጨርቁ መዳፌን ተቃወመኝ፣ እጄ ያለፈበትም ጠቆረ።

«እንደ በቅሎ ጀርባ ነው። ጸጉሩ የሚተኛበት ወገን አለው። ሁሉንም ቁራጭ በአንድ ወገን አስተኚ፤ አለዚያ ከአንድ ጣቃ የወጣ ነው ብትይ ማንም አያምንሽም።»

«አባባ፣ እርስዎ በየትኛው ወገን ያስተኙታል?»

«ለካባ ጸጉሩን ወደ ላይ። ቀለሙ ይጠልቃል። በየቀኑ ለሚለበስ ልብስ ግን ወደ ታች፤ ሲዳሰስ እንዳይሻክር።»

ሁለቱን ግማሽ ክቦች በአንድ አቅጣጫ አንዱን ከአንዱ በላይ ባስቀምጣቸውም ይኸው 1.5 ሜትር ይበቃኝ ነበር፤ ምንም ጨርቅ አላተረፍኩም። ጸጉሩ ወደ ላይ የሆነውን ለንጉሡ አስቀርቼ ለሁለተኛው ካባ ሌላ 1 ሜትር ገዛሁ፤ 480 ብር። አሁን በሁሉም የፓተርን ቁራጭ ላይ የጸጉሩን አቅጣጫ በቀስት ምልክት አድርጌአለሁ።

ከፋይን መስፋትም የራሱ ጠባይ አለው። ሁለት ከፋይ ገጽ ለገጽ ሲገናኝ የላይኛው በመኪናው ጨርቅ መጫኛ ሥር እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ገበሩን ከመግጠሜ በፊት ዙሪያውን በእጅ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት አያያዝኩት። ካውያ በገጹ ላይ ካረፈ ጸጉሩ ተጨፍልቆ ስለሚቀር፣ ገጹን በቁራጭ ከፋይ ላይ ደፍቼ በጀርባው በኩል በእንፋሎት ብቻ ነካ ነካ አደረግሁት።

የካቲት 6

ለምዱ ተገኘ! ለለምድ የሚሆን ፓተርን በየትም ባለማግኘቴ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለምድ ከትከሻ ላይ ተቀምጦ በፊትም በኋላም እንደ ምላስ የሚወርዱ ተርታዎች ያሉት ልብስ ነው፤ ቅርጹ የእንስሳ ቆዳ በትከሻ ላይ ሲጣል እግሮቹ የሚንጠለጠሉበትን መልክ ይዟል። ፖስታውን ለማስቀመጥ ሳጣጥፍ የቀልደኛው ልብስ የመስመር ሥዕል ዓይኔን ያዘው። በአንገቱ ዙሪያ ያለው ኮሌታ ሹል ሹል ምላስ አለው፤ ምላሶቹ አጭር ናቸው እንጂ ከአንገት ወደ ውጭ የሚከፈቱበት ስሌት የለምድ ነው። ስሙና ፎቶግራፉ ሸፍኖብኝ ሁለት ወር አጠገቤ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ከቀደድኳቸው ሁለት ካባዎች ጸጉሩ ወደ ታች የሆነውን ግማሽ ክብ አወጣሁ። ከአንገቱ ጀምሮ 30 ሴንቲ ሜትር ሳልነካ ትቼ፣ ከዚያ በታች ያለውን 34 ሴንቲ ሜትር በስምንት ምላስ ከፈልኩት። በዚያ ከፍታ ላይ ያለው ቅስት 128 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ምላስ ከላይ 16 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። የምላሱን ቅርጽ ከቀልደኛው ኮሌታ ገልብጬ፣ ፓተርኑን ከመሀሉ ቆርጬ በመካከሉ ወረቀት በመቀጠል አረዘምኩት፤ ከታች ቢረዝም ጫፉ ቀጭን ሆኖ ስለሚጠማዘዝ ነው። መጀመሪያ በአቡጀዲ ቁርጥራጭ ሁለት ምላስ ሠራሁ፤ ጫፉ በጣም ስለሾለ ሲገለበጥ ጨርቁ ውስጥ ተከማቸ። ጫፉን ጠፍጠፍ አድርጌ፣ ትርፉን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ከርክሜ፣ በሁለቱ ምላሶች መካከል ያለውን ማዕዘን እስከ ስፌቱ ድረስ በመቀስ ጫፍ ከፈትኩት። ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ከገበሩ 3 ሜትር በ390 ብር፣ ከወርቅማ ጥብጣቡ 14 ሜትር በ350 ብር ገዝቼ ለካባዎቹም ለለምዱም አዳረስኩት።

ትናንት ልጁ ለብሶት ሲዞር ምላሶቹ ዘግየት ብለው ተከተሉት። ስንት ጊዜ ዙር እንዳልኩት አላስታውስም።

የካቲት 12

ለሴቶቹ ቀሚስ 7 ሜትር አቡጀዲ ጨመርኩ። የሌሊት ቀሚሱ ከደረት በላይ ጠፍጣፋ፣ ከዚያ በታች የተሸበሸበ ስለሆነ ስፋቱ ይበቃል፤ እጅጌውን ከእጀ ጠባቡ ወሰድኩ። በወገቡ ላይ ላስቲክ አስገብቼ ሳለብስ ጎረቤታችን እማማ ገብተው አዩና፣ «ይህ ምንድን ነው? ሴት ወገቧን በመቀነት ታጥቃ ነው መንገድ የምትወጣው፤ ስንቅ ተሸክማ በላስቲክ ልትሄድ ነው?» አሉ። ቤታቸው ሄደው ከሳጥናቸው የቆየ መቀነት አምጥተው የልጅቱን ወገብ ደጋግመው ጠመጠሙት። የቀሚሱ ትርፍ ቁመት በመቀነቱ ላይ ተነሥቶ ታጠፈ፣ ሳልቀመቅመው ቁመቱ ልክ ሆነ። ላስቲኩን ፈታሁ። ሁለተኛ መቀነት ከሌላዋ ልጅ አያት ተገኘ።

የካቲት 20

የመጨረሻው ልኬት። ከ11ዱ ሦስቱ ከታኅሣሥ ወዲህ አድገዋል፤ የሁለቱን እጅጌ በትርፉ አረዘምኩ፣ የነጋሪት መቺውን ሱሪ ማሰሪያ ዝቅ አደረግሁ።

ሒሳቡ ይህ ነው። አቡጀዲ 37 ሜትር 4,070፣ ከፋይ 1,200፣ ገበር 390፣ ጥብጣብ 350፣ ክር 240፣ መርፌ 60፣ ኅትመት 240፤ በድምሩ 6,550 ብር፣ ለአንድ ልጅ 595 ብር ገደማ። ከተዋጣው በላይ 1,050 ብር ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 600ው የሁለተኛው ከፋይና የመጀመሪያው ኅትመት ዋጋ ነው። ወላጆች ቀሪውን ለመሸፈን ተስማምተዋል።

የካቲት 22

መብራት ከቀትር በኋላ ጠፋ፤ የእግር መኪናው በሻማ ሠራ። የቀረው የንጉሡ ኮሌታ ቁልፍ ብቻ ነበር። ልብሱን በየልጁ ስም አጣጥፌ አስቀመጥኩ። በሲሚንቶ ወረቀት የተገለበጡትን ፓተርኖች ጠቅልዬ ስማቸውን በላያቸው ላይ ጻፍኩ፤ የሌሊት ልብሱ «እጀ ጠባብ 140–152፣ የጎን ቁራጭ 7 ሴ.ሜ.፣ ትርፍ የለውም»፣ የቀልደኛው ኮሌታ «ለምድ፣ ምላስ 34 ሴ.ሜ.፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ጸጉሩ ወደ ላይ»።